የመስታወቱን ሽልማት ከግድግዳው አወረድኩት

ግልጽ ደብዳቤ

ለጅማ ከተማ የማርሻል አርት አሰልጣኞች በሙሉ

ግልባጭ፦ ልጆቻችሁን ለምትልኩልን ወላጆች፤ ለከተማችን የስፖርት ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ ስለ ሽልማትና ስለ ማዕረግ

የተከበራችሁ የሙያ ወንድሞቼና እህቶቼ፣

ከሁለት ሳምንት በፊት የሽልማት ጥሪ ደረሰኝ። ብዙዎቻችሁም እንደደረሳችሁ ሰምቻለሁ። «ለማርሻል አርት እድገት ላበረከቱት የላቀ አስተዋፅኦ» ይላል። ቀኑ ተጽፏል። የሆቴሉ አዳራሽ ተጽፏል። የክብር እንግዶች እንደሚገኙም ተጽፏል። ግርጌው ላይ ደግሞ ለዋንጫው፣ ለሰርተፍኬቱና ለእራቱ የሚከፈለው ብር፣ የሚገባበትም የባንክ ሒሳብ አለ። ያስገባ ይሸለማል። ያላስገባ ስሙ አይጠራም።

አዘጋጁ ማን እንደሆነ አልጠቅስም። ጉዳዬ ከእሱ ጋር አይደለም። ተቀባይ ባይኖር ኖሮ እንዲህ ያለ ጥሪ አይላክም ነበር። ጉዳዬ ከእኛ ጋር ነው። ከእኛም መጀመሪያ ከራሴ ጋር።

እኔ አልሄድም። ዝም ብዬ መቅረት እችል ነበር። ግን ዝም ብል አንዱ «ኮራ» ይላል፣ ሌላው «ብር አጥሮት ነው» ይላል፣ ነገሩም በዚያው ያልፋል። እኔ ደግሞ እንዲያልፍ አልፈልግም። ሦስት ዓመት ሙሉ ውስጤን ሲበላኝ የኖረ ነገር አለ። እሱን ሳልናገር ስለ ሌላ ሰው የመናገር መብት የለኝም።

ለማታውቁኝ፦ ቀን ቀን ቡና መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ልጆች ቴኳንዶ አሰለጥናለሁ። 17 ዓመት ሆነኝ። አዳራሻችን የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ነው። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ክረምት ላይ ሲወርድ ድምፄ ለኋለኛው ረድፍ አይደርስም። እጄን እያነሳሁ ነው የማስቆጥራቸው። ልጆቹ ግን አይቀሩም። ጫማቸውን በር ላይ ደርድረው፣ እግራቸውን በጨርቅ አብሰው ይገባሉ። ይህን ሁሉ የምጽፈው ለእነሱ ብዬ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ የሽልማት መድረክ ላይ ወጥቼ ነበር። ያኔ ገንዘብ አልተጠየቅኩም። ስሜ ሲጠራ፣ ሰው ሲያጨበጭብ ልቤ ሞቀ። የመስታወት ሽልማት ሰጡኝ። ከባድ ነው፤ በወርቅማ ቀለም ተጽፎበታል። ከስሜ በፊት «ማስተር» ይላል። ከስሜ ሥር «6ኛ ዳን» ይላል።

እኔ ያኔ ስድስተኛ ዳን አልነበርኩም። ወደዚያም የተጠጋሁ አልነበርኩም።

የሙያው ሰው ላልሆናችሁ ወላጆች ልንገራችሁ። ከጥቁር ቀበቶ ጀምሮ ያለው ደረጃ ዳን ይባላል። በአንዱና በሌላው መካከል የግድ የሚጠበቅ ጊዜ አለ። ደቡብ ኮሪያ የሚገኘው የቴኳንዶ ዋና ማዕከል፣ ኩኪዎን፣ ባወጣው ሕግ ከአራተኛ ዳን ወደ አምስተኛ ለመፈተን ቢያንስ 4 ዓመት፣ ከአምስተኛ ወደ ስድስተኛ ቢያንስ 5 ዓመት መቆየት ያስፈልጋል። ከአንደኛ ተነስቶ ሰባተኛ ለመድረስ የመጠበቂያው ጊዜ ብቻ ሲደመር 21 ዓመት ነው። ያ ሁሉ ጊዜ ዝም ብሎ የሚቆጠር አይደለም። የተጎዳ ጉልበት አለበት፣ የወደቁበት ፈተና አለበት፣ የቀበሩት የልምምድ ጓደኛ አለበት። መስታወቱ ላይ የተጻፉልኝን ዓመታት እኔ አልኖርኳቸውም።

ጸሐፊው ተሳስቶ ይሆናል። ወይም ሊያስደስተኝ ፈልጎ ይሆናል። ለእኔ ግን ማምለጫ አይሆነኝም። ማይኩ እጄ ላይ ነበር። ትክክለኛውን ቁጥር ለመናገር አንድ ትንፋሽ ይበቃ ነበር። አመስግኜ ወረድኩ።

በማግስቱ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ልጆቹ ሰላምታ ሲሰጡ ፊት ለፊት የሚያዩት ቦታ ላይ።

አንዲት ልጅ ነበረች። 11 ዓመቷ ነው። ቢጫ ቀበቶ፣ ጫፉ አረንጓዴ። ከክፍሉ ሁሉ ትንሿ እሷ ናት፣ ጥያቄ የምታበዛውም እሷ ናት። ያን ቀን ሽልማቱን ቆማ ስታነብ ቆየችና ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ ስድስተኛ ዳን መቼ ተፈተኑ?» አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም። እንዲያውም ደስ ብሏት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አራተኛ ዳን እንደሆንኩ እኔው ራሴ ነግሬያቸው ነበር፤ ልጅቷ አልረሳችም።

ልጆቹ ሁሉ ዝም ብለው ያዩኛል። ፊቴ ጋለ። «አሰልጣኝ እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም» አልኳት። ሠላሳ ፑሽ አፕ አዘዝኳት።

ሠራችው። ሃያ ላይ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አላቋረጠችም። ጨርሳ ተነሳች፣ ዶቦኳን፣ የልምምድ ልብሷን፣ አስተካከለች፣ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝና ወደ ረድፏ ተመለሰች። አንድ ወር ያህል መጣች። ከዚያ ቀረች። እናቷን ገበያ ላይ አግኝቼ ስጠይቃት «ትምህርት በዛባት» አለችኝ። አመንኳት። ማመን ቀለለኝ።

ያን ቀን ከልምምዱ በፊት ልጆቹ እንደ ሁልጊዜው የቴኳንዶን አምስት መርሆች በአንድ ድምፅ ብለው ነበር። ጨዋነት። ሐቀኝነት። ጽናት። ራስን መግዛት። የማይበገር መንፈስ። እኔ ነኝ ያስጠናኋቸው። ያቺ ልጅ ሁለተኛውን ቃል እንደምር ወሰደችው። እኔ ደግሞ ለዚያ ቀጣኋት።

ይህን ስጽፍ የራሴ አሰልጣኝ ትዝ ይለኛል። በእሱ ሥር ስሠራ 15 ዓመቴ ነበር። እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ ከአንድ ወፍጮ ቤት ጀርባ፣ መሬቱ ሲሚንቶ በሆነ ግቢ ውስጥ ነበር የምንሠራው። ቀበቶው ከመታጠብ ብዛት ጥቁርነቱ ለቆ ወደ ግራጫ ሄዷል። ጫፉ ላይ የተጠለፈ ስም የለም፣ መስመር የለም። እኛ ልጆቹ ስንተኛ ዳን እንደሆነ እንወራረድ ነበር። አንዱ ሰባት ይላል፣ አንዱ ዘጠኝ። አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኩት። ሳቅ አለና «ነገ ቀደም ብለህ ና» አለኝ።

በማግስቱ 12 ሰዓት ላይ ደረስኩ። መጥረጊያ ሰጠኝ። እሱም አንድ ያዘ። ግቢውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አብረን ጠረግን። ሲያልቅ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ «ሁለተኛ ነኝ» አለኝ። «ከዚያ በላይ የሚፈትነኝ ሰው እዚህ አልነበረም፤ አዲስ አበባ መመላለሻም አልነበረኝም።»

በቃ። ይኸው ነው። አላፈረበትም፣ አልተኩራራበትም። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ቀን አልናቅኩት። ይልቁንም ያስተማረኝን ሁሉ የበለጠ አመንኩት። ያቺ ልጅ የጠየቀችኝ እኔ እሱን የጠየቅኩትን ነው። እሱ መጥረጊያና እውነት ሰጠኝ። እኔ የሰጠኋትን ነግሬያችኋለሁ።

ወገኖቼ፣ ይህ ዳን የምንለው ነገር ከየት እንደመጣ ሁላችንም ለልጆች እንተርካለን። ጃፓናዊው ጂጎሮ ካኖ ጁዶን በ1882 እ.ኤ.አ. መሠረተ። በዓመቱ ለሁለት ተማሪዎቹ የመጀመሪያውን ዳን ሰጠ። ያኔ የተለየ ቀበቶ እንኳ አልነበረም። ጥቁሩ ቀበቶ የመጣው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ጊቺን ፉናኮሺ ያንኑ ሥርዓት ወስዶ ለካራቴ ተማሪዎቹ ዳን መስጠት የጀመረው በ1924 እ.ኤ.አ. ነው። ቴኳንዶም ተቀበለው። እነዚህ ሰዎች ደረጃን ያወጡት አሰልጣኝ ተማሪው የት እንደደረሰ አውቆ ቀጣዩን እንዲያስተምረው ነው።

«ሾዳን» የሚለውን ቃል ተመልከቱት። አንደኛ ዳን ማለት ነው። ፍቺው «መነሻ ደረጃ» ነው። ጥቁር ቀበቶ የታሰረለት ሰው «አሁን ጀመርክ» ነው የተባለው። «ሴንሴይ» የሚለው የጃፓን ቃል ደግሞ ሲተረጎም «ቀድሞ የተወለደ» ነው። እኛ አገር ልጆቹ ይህንን ቃል ሳይማሩት ያውቁታል። «ጋሼ» ሲሉን፣ «እትዬ» ሲሉን ሌላ ምን እያሉን ነው? ከዚያ በላይ የሚያስከብር መጠሪያ እኔ አላውቅም። ሆኖም አንዳንዶቻችን «ጋሼ አትበሉኝ፣ ግራንድ ማስተር በሉኝ» ብለን ልጅ ስናርም ሰምቻለሁ።

አሁን ደግሞ ፍትሐዊ ልሁን። ለምን ሽልማት እንደሚያምረን አውቃለሁ። እኔንም አምሮኛል። ማንም አያመሰግነንማ!

ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ከተማው በሙሉ ወጣ። እኔም ልጆቼን ይዤ ወጥቼ ጨፍሬያለሁ። ደስ የሚል ቀን ነበር። ግን ለእኛ ስፖርት እንዲህ ያለ ቀን የለውም። ከመካከላችን ደሞዝ የሚከፈለው ስንት ነው? አብዛኞቻችን የምናሰለጥነው ልጆቹ በሚያዋጡት ወርሃዊ ነው፤ እሱም ለአዳራሽ ኪራይና ለመብራት ያልቃል። የማይከፍል ልጅም አለ፤ እናባርረው? ጉልበታችን ያረጃል። ሚስቶቻችን «ለሰው ልጅ ነው የምትለፋው» ይሉናል። ወላጅ ደግሞ ልጁ ትምህርት ቤት ሲደባደብ ወደ እኛ ይመጣል፤ ልጁ ጨዋ ሲሆን ግን አይመጣም።

በ2013 ክረምት ሰለሞን ቱፋ በቶኪዮ ኦሊምፒክ በ58 ኪሎ ቴኳንዶ ሲወዳደር በአንዲት ስልክ ላይ ተደራርበን ነው ያየነው። የኢትዮጵያ ባንዲራ በእኛ ስፖርት! ልጆቹ ጮኹ። በማግስቱ አምስት አዲስ ልጆች መጡ። እኔ ያን ሌሊት ያሰብኩት ሌላ ነገር ነበር። ለዚህ ልጅ የመጀመሪያውን ነጭ ቀበቶ ያሰረለት ሰው ዛሬ የት ሆኖ እያየው ይሆን? ስሙን ስንቶቻችን እናውቃለን? እንዲህ ያለ ሰው በየከተማው አለ። ምስጋና ሳይሰማ የሚያረጅ።

ስለዚህ ረሃቡ እውነተኛ ነው። አልንቀውም። የተራበ ሰው ያገኘውን እንደሚበላ ሁሉ፣ እኛም የተዘረጋልንን ዋንጫ ሁሉ ተቀበልን። ክፉው ነገር፣ ሳናስተውለው ከልጆቻችን ሳህን መብላት መጀመራችን ነው።

አንድ ውድድር ልንገራችሁ። አንዳንዶቻችሁ ነበራችሁ። ልጆቹ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምረው ተጋጥመዋል። ውድድሩ 7 ሰዓት ላይ አለቀ። ከዚያ ልጆቹ ሜዳው ላይ ተሰልፈው እንዲቆሙ ተደረገ፣ ፀሐይ ላይ፣ ባዶ እግራቸውን። መጀመሪያ የአሰልጣኞች ሽልማት ነው ተባለ። ለእያንዳንዱ አሰልጣኝ የሕይወት ታሪክ ተነበበ። ካባ ተደረበ። ፎቶ ተነሳ። የአንዱ ማዕረግ በትክክል ስላልተነበበ እንደገና እንዲነበብ ተጠየቀ። አንድ ሰዓት ከግማሽ አለፈ። አንዲት ልጅ ተዝለፍልፋ ወደቀች። በመጨረሻ ወደ ልጆቹ ሲመጣ ሜዳሊያው አልበቃም። ሦስተኛ የወጡት «በኋላ ይሰጣችኋል» ተባሉ። እስከ ዛሬ አልተሰጣቸውም። ከእነዚያ ልጆች ሁለቱ የእኔ ነበሩ። እኔስ የት ነበርኩ? ጥላው ሥር፣ ካባ ለብሼ።

ሌላም አለ። ባነር ላይ የማን ስም ይቅደም፣ የማን ፎቶ ይተልቅ ተብሎ ዓመት ያልተነጋገሩ ሁለት አሰልጣኞች አውቃለሁ። ሁለቱም ጎበዞች ናቸው፤ ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። የተጎዱት ግን ልጆቹ ናቸው። የሄርማታ ልጅ ከኮቺ ልጅ ጋር እንዳይሠራ ተከለከለ። ትምህርት ቤት አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጡ ልጆች፣ በአዌቱ ድልድይ አብረው የሚመላለሱ ልጆች፣ «የእነ እገሌ ክለብ ልጅ ነው» እየተባሉ ስፓሪንግ፣ የልምምድ ግጥሚያ፣ ተከለከሉ። የማናውቀውን ሰው ካልገጠምን ምን እንማራለን? ከራሱ ክለብ ልጅ ጋር ብቻ የሚጋጠም ተማሪ የጓደኛውን እግር አመጣጥ በቃሉ ይይዛል። ውጭ ሲወጣ ይሸነፋል።

ለልጆቼ በየዓመቱ የምነግራቸው አንድ ታሪክ አለ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ የኦሊምፒክ ማራቶን አሸነፈ። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና ጥቂት ሳምንቱ ነበር። መጨረሻውን አለፈና ሣሩ ላይ ሰውነቱን ማፍታታት ጀመረ። ይህን ሁሉም ኢትዮጵያዊ ያውቃል።

ከሁለት ቀን በኋላ በዚያው ከተማ የሆነውን ግን ልጆቹ አያውቁትም። ጁዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የገባው በዚያ ዓመት ነው። የክብደት ገደብ በሌለው ምድብ ፍጻሜ ሆላንዳዊው አንቶን ጌሲንክ ከጃፓናዊው አኪዮ ካሚናጋ ጋር ገጠመ። ቦታው ኒፖን ቡዶካን ነው። ጁዶ የጃፓን ነው፤ ታዳሚው ጃፓናዊ ነው። ጌሲንክ ካሚናጋን መሬት ላይ ይዞ ሰዓቱ እስኪሞላ አልለቀቀውም። አሸነፈ። አዳራሹ ጸጥ አለ። በደስታ ያበዱ የሆላንድ ሰዎች ወደ ምንጣፉ ሊሮጡ ተነሱ። ጌሲንክ ገና ከተጋጣሚው ላይ ሳይነሳ እጁን ዘርግቶ አስቆማቸው። ከዚያ ልብሱን አስተካከለ፣ ለካሚናጋ እጅ ነሳ።

በሕይወቱ ትልቁን ወርቅ ባገኘባት ሰከንድ ይህ ሰው ያሰበው ስለተሸነፈው ነው። ሜዳሊያው ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። ጃፓኖች ዛሬም የሚያነሱት ያቺን እጅ ነው።

ኬንዶ በሚባለው የጃፓን የሰይፍ ስፖርት ደግሞ ይህንን ሕግ አድርገውታል። ነጥብ ያገኘ ተወዳዳሪ እጁን ጨብጦ ቢፈነድቅ ነጥቡ ሊሰረዝበት ይችላል። ስትመታ ንቁ ነህ፣ ከመታህ በኋላም ንቁ መሆን አለብህ፤ ፈነጠዝክ ማለት ተጋጣሚህን ረሳኸው ማለት ነው። እኛ ስፓሪንግ ላይ ልጆቻችን ነጥብ ሲያገኙ ደረታቸውን እየደቁ ወደ ታዳሚው ይሮጣሉ። ከማን አዩት? ከፌስቡክ ብቻ አይደለም።

ለነገሩ ጃፓን ድረስ መሄድም አያስፈልገንም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ያሉት የእኛው ሰዎች ናቸው። ገናው ሲጀመር ጌታና ሎሌ አንድ ሜዳ ላይ ይወርዳሉ። ሩሩን ሎሌው ከመታው መታው ነው። ማዕረጉን ከሜዳው ውጭ ትቶ ያልመጣ ሰው ጨዋታው አይሆንለትም። የእኛስ አዳራሽ በር ላይ ልጆቹ ጫማ ሲያወልቁ እኛ የምናወልቀው ምንድን ነው?

አሁን ወደምለምናችሁ ነገር ልምጣ።

እኔ የምሠራው ቡና ውስጥ ነው። የእኛ ከተማ ልጅ ይህን ለማስረዳት ሩቅ አይሄድም። ቡና ሲቀመስ ናሙናው በባለቤቱ ስም አይቀርብም። ቁጥር ይሰጠዋል። ቀማሹ የማን ቡና እንደሆነ ሳያውቅ ያሸታል፣ ይቀምሳል፣ ደረጃ ይሰጣል። ባለቤቱ ጆንያው ላይ የፈለገውን ቢጽፍ ሲኒው ውስጥ ያለው ያው ነው። እኛ ግን ያሳደግነውን ልጅ ራሳችን እንፈትናለን፣ ራሳችን ክፍያውን እንቀበላለን፣ ራሳችን እናሳልፋለን። የወደቀ ልጅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በ17 ዓመት የጣልኩት አራት ልጅ ብቻ ነው። አራቱም ምናልባት አንገታቸውን ደፍተው መጥተው ነው እንጂ ከሌሎቹ አንሰው አልነበረም።

ስለዚህ የቀበቶ ፈተና ላይ ልጆቻችንን እንለዋወጥ። የእኔን ልጆች እናንተ ፈትኑልኝ። የእናንተን እኔ ልፈትን። ስታይላችን የሚለያይ ከሆነ በየስታይላችን እንሰባሰብ። እርግጥ መጀመሪያ ላይ ያማል። የእኔ ልጅ በሌላ አሰልጣኝ ፊት ሲወድቅ እኔ ነኝ የምወድቀው። ግን ከዚያ በኋላ ቀበቶውን ሲያስር፣ ያ ቀበቶ ከጅማ ወጥቶ አዲስ አበባም ሆነ ሌላ አገር ቢሄድ አያሳፍረውም።

እያንዳንዳችን የአዳራሻችን በር ላይ አንድ ወረቀት እንለጥፍ። ስም፣ ስንተኛ ዳን፣ መቼና ማን እንደፈተነን። ወላጅ አንብቦ ይግባ። ሁለተኛ ዳን የሆነ «ሁለተኛ» ይበል፤ የእኔ አሰልጣኝ ሁለተኛ ነበር። የእኔን ወረቀት ትናንት ለጥፌአለሁ።

የስፖርት ጽሕፈት ቤታችንን ደግሞ በአክብሮት የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የአሰልጣኞችን ደረጃ ሰነዱን እያያችሁ መዝግቡት፤ ማንም ሊያየው የሚችል መዝገብ ይሁን። ውድድር ላይ ስትገኙ ደግሞ የልጆቹ ሜዳሊያ ይቅደም በሉልን። እናንተ ካላችሁ እኛ እሺ እንላለን። ንግግሩ ልጆቹ ጫማቸውን አድርገው፣ ውሃ ጠጥተው ከተቀመጡ በኋላ ይደረስበታል።

መሸለም ይቅር እያልኩ አይደለም። እንዲያውም እንሸልም! ግን ዓይናችንን ወደ ሌላ ቦታ እናንሳ። የእኛ አዳራሽ ቁልፍ ያለው አንድ ዘበኛ ጋ ነው። ዕድሜያቸው ገፍቷል። አንድ ምት አይመቱም፤ የልምምዱን ስሞች እንኳ አይለዩም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ግን 11 ሰዓት ሳይሞላ በሩ ተከፍቶ ነው የምናገኘው። ዝናብ ሲያስገባ እኛ ሳንደርስ ባልዲ ደርድረው ይጠብቁናል። አንዲት እናት አለች፣ መግዛት ለማይችሉ ልጆች ከአቡጀዲ ዶቦክ እየሰፋች የምትሰጥ። አንድ ብር ተቀብላ አታውቅም። አንድ ልጅ አለ፣ ስድስት ዓመት ሠርቶ ገና ሰማያዊ ቀበቶ ላይ ያለ፤ እግሩ እንደ ሌሎቹ አይነሳለትም። አዲስ ልጅ ሲመጣ ቀበቶ አስተሳሰር የሚያሳየው ግን እሱ ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ ስሙን በማይክ የጠራው ሰው የለም።

ለእነዚህ ሰዎች የመስታወት ዋንጫ ከአዲስ አበባ ማስመጣት አይጠበቅብንም። የጅማ ጠራቢዎች ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ግንድ ፈልፍለው ይሠራሉ። አገር ያወቀው ሙያ ነው። ለሆቴሉ እራት ልናዋጣ ካሰብነው ለዘበኛው አንድ ጥሩ በርጩማ እንግዛ። በሩ ላይ ይቀመጡበት። በተረፈው ብር ምንጣፍ እንግዛ፤ ልጆቹ ሲሚንቶ ላይ ሲወድቁ ድምፁን እናንተም ታውቁታላችሁ።

እኔ የድርሻዬን ጀምሬያለሁ። ለጥሪው «አመሰግናለሁ፣ አልመጣም» ብዬ መልሻለሁ። ባለፈው ሰኞ ልጆቹ እያዩ የመስታወቱን ሽልማት ከግድግዳው አወረድኩት። ለምን እንዳወረድኩትም ነገርኳቸው። አንድም ልጅ አልሳቀም። ትልቆቹ መሬት መሬት ያዩ ነበር። ከልምምዱ በኋላ አንዱ መጥቶ «ታዲያ የልጅቷስ ነገር?» አለኝ። ልክ ነው። ለዚህ ነው ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግኩት። ያጠፋሁት ሰው ፊት ነው፤ የምመልሰውም ሰው ፊት መሆን አለበት።

ለአምስተኛ ዳን መፈተኛዬ ደርሷል። ለመፈተን እየተዘጋጀሁ ነው። ባልፍም ብወድቅም ውጤቱ በሩ ላይ ባለው ወረቀት ላይ ይጻፋል።

አሁን የቀረውን ለአንዲት አንባቢ ብቻ ልጻፍ፤ እናንተም ምስክር ሁኑልኝ።

የእኔ ልጅ፣ አሁን 14 ዓመት ሆኖሻል። ይህን ራስሽ ባታነቢው የሚያውቅሽ ሰው ያነብልሽ ይሆናል። ያን ቀን ያዘዝኩሽ ሠላሳው የእኔ ቅጣት ነበር፤ አንቺ ተሸከምሽልኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ቀበቶሽ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ተጠቅልሎ አለ፤ ለማንም አልሰጠሁትም። ብትመጪ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ 11 ሰዓት ላይ በሩ ክፍት ነው። ባትመጪም መብትሽ ነው፤ ለጥያቄሽ ግን መልስ ይገባሻል።

ስድስተኛ ዳን አልተፈተንኩም። አራተኛ ነኝ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር

በጅማ ከተማ የቴኳንዶ አሰልጣኝ